ምዕራፍ ሰባት፦ አስማቱ ሲቋረጥ የማይቆመው

በእሳት የተሞላ ክፍል

ባዶ የድንጋይ ክፍል ነው። ወርዱም ርዝመቱም ስድስት ስድስት ሜትር። መስኮት የለው፣ ምሰሶ የለው፣ ከኋላው የሚሸሸጉበት ሣጥን እንኳ የለው። መሃሉ ላይ አንዲት ሌባ ቆማለች። በሩ ላይ የደረሰው አስማተኛ ጣቱን ቀስሮ «የእሳት ኳስ» የተባለውን ድግምት ይለቅባታል። ኳሱ ሲፈነዳ በየአቅጣጫው ስድስት ሜትር ያህል ስለሚደርስ ክፍሉ ከጥግ እስከ ጥግ ነበልባል ብቻ ይሆናል። የሌባዋ ተጫዋች ዳይስ ትጥላለች፤ ቁጥሩ ይወጣላታል። የጨዋታው መሪ መጽሐፉን ገልጦ ያያል። ሌባዋ አንዲት ነጥብ እንኳ አልተጎዳችም። ከቆመችበት ንቅንቅ አላለችም፣ የጋረዳት ነገር የለም፣ እሳቱም አልሳሳላትም።

ይህ እኔ የፈጠርኩት አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው የ«ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ሦስተኛ እትም ሕግ ነው። (ከዚህ በኋላ የሚመጡት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) ችሎታው «ኢቬዥን» ይባላል፤ ማምለጥ እንደ ማለት ነው። ሌባ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ስትደርስ ታገኘዋለች። የሚገርመው ከስሙ ቀጥሎ በቅንፍ የሰፈረው ምልክት ነው። ምልክቱ ይህ ችሎታ አስማት እንዳልሆነ ይናገራል።

ለጨዋታው እንግዳ የሆነ ሰው እዚህ ላይ ቢስቅ አይፈረድበትም። ከእሳት መሃል ሳይነቃነቁ በደህና መውጣት አስማት ካልሆነ፣ አስማት ምን ሊሆን ነው? በምዕራፍ አራት ስለ ዳይስ ስናወራ ዕድል ብዙ ነገር እንደሚሸፍን አይተናል፤ ይህን ግን ዕድልም አይሸፍነውም። መልሱን ለማግኘት ጥያቄውን መቀየር ያስፈልጋል። የሕግ መጽሐፎቹ አስማቱን ከተራው ሲለዩ ነገሩ ያስደንቅ እንደሆነ፣ በእኛ ዓለም ይቻል እንደሆነ አይመረምሩም። የሚጠይቁት «ይህ ችሎታ በምን ላይ ተንጠልጥሏል? ምን ቢቆረጥ ይቆማል?» ብለው ነው። የዚህ ምዕራፍ ሐሳብ ይኸው ብቻ ነው፤ የቀረው ማብራሪያ ነው።

ድንበሩ መጀመሪያ በሰውና በሰው መካከል ነበር

በምዕራፍ ሁለት እንደተረክነው፣ ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን በ1974 ጨዋታውን ሲያወጡ ተጫዋቹ የሚመርጠው ከሦስት ዓይነት ሰው አንዱን ነበር፦ ተዋጊ፣ አስማተኛ ወይም ካህን። ያን ጊዜ የዚህ ምዕራፍ ጥያቄ ገና አልተወለደም ማለት ይቻላል። አስማተኛውና ካህኑ በዝርዝር የተጻፈ ድግምት ይደግማሉ፤ ተዋጊው ሰይፉን ይመዛል። ማን እንደሠራው ካወቃችሁ ምን እንደሆነ አወቃችሁ።

በዚያ ላይ ድግምት የተቆጠረ ነበር። ጋይጋክስ ሐሳቡን የወሰደው አሜሪካዊው ደራሲ ጃክ ቫንስ በ1950 ካሳተመው «ዘ ዳይንግ ኧርዝ» ከተባለው መጽሐፍ ነው። በቫንስ ታሪኮች ውስጥ አስማተኛው ድግምቱን በቃሉ ያጠናል፤ አንዴ ከደገመው ግን ከአእምሮው ተጠርጎ ይወጣል፤ እንደገና ቁጭ ብሎ ማጥናት አለበት። ጨዋታውም ይህንኑ ተከተለ። አስማተኛው ለቀኑ ያጠናው ሲያልቅ አለቀ፤ የተዋጊው ሰይፍ ግን ቀኑን ሙሉ ይሠራል። ሚዛኑ የቆመው በዚህ ነበር፤ በአንድ ወገን ብርቅና ኃይለኛ፣ በሌላው ወገን መጠነኛ ግን የማያልቅ።

ነገሩን ያደፈረሰው ሌባው ነው። በ1975 «ግሬይሆክ» በተባለው ተጨማሪ መጽሐፍ ውስጥ አዲስ ዓይነት ሰው ሆኖ መጣ። ድግምት አያጠናም፤ ነገር ግን ቁልፍ ይከፍታል፣ መያዣ የሌለው ግድግዳ ይቧጥጣል፣ ጥላ ውስጥ ይሰወራል። ይሳካለት አይሳካለት የሚወሰነው በመቶኛ ነው። ቁልፍ መክፈቱስ ይሁን። ጥላ ውስጥ መሰወር ምን ማለት ነው? ማንም ሰው በር ኋላ ቆሞ መደበቅ ይችላል፤ ታዲያ ለሌባው ለብቻው የተሰጠው ምንድን ነው?

አንዳንድ መሪዎች «እንግዲያው ሌሎቹ መደበቅ ጨርሶ አይችሉም ማለት ነው» ብለው ፈረዱ፤ አስቂኝ ፍርድ ነው። ሌሎቹ ደግሞ «ሌላው ሰው የሚደበቀው የሚጋርደው ነገር ሲያገኝ ነው፤ ሌባው ግን ጥላ ብቻ ይበቃዋል» አሉ። ይህኛው ይሻላል። ነገር ግን ሳይታወቀው ሌባውን ከተራ ሰው በላይ አውጥቶታል። በዚህ መንገድ ድግምት የሌለበት፣ ሆኖም ተራ ሰው የማይችለው ነገር በጨዋታው ውስጥ ቦታ አገኘ። ከዚያ ወዲህ ድንበሩ ሰውን ከሰው መለየቱ ቀርቶ፣ በአንድ ሰው ችሎታዎች መካከል ማለፍ ጀመረ።

መብራት ሲጠፋ

ድንበሩን በጽሑፍ ያሰመረው ሦስተኛው እትም ነው። ጆናታን ትዊት፣ ሞንቲ ኩክና ስኪፕ ዊሊያምስ ያዘጋጁት ይህ እትም ልዩ ችሎታዎችን በሦስት ምድብ ከፈላቸው። የምድቦቹን ስም ከመጥራቴ በፊት የተሠሩበትን ሐሳብ በአንድ የቤት ነገር ላስረዳ።

ማታ ሁለት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ እንበል። የኤሌክትሪክ ምጣዱ ይቀዘቅዛል፤ በላዩ የፈሰሰው ሊጥ ዓይን ሳያወጣ ይቀራል። የጣሪያው አምፖል ይጠፋል። ከሰል ምድጃው ላይ የተጣደው ጀበና ግን ምንም እንዳልተፈጠረ መንተክተኩን ይቀጥላል። እዚህ ቤት ውስጥ ምጣዱን ከምድጃው ለመለየት የትኛው ይበልጥ እንደሚያስደንቅ የሚጠይቅ ሰው የለም። ሁለቱም ያሞቃሉ። ልዩነታቸው የሚታወቀው መስመሩ ሲቋረጥ ነው።

በጨዋታው ውስጥ ይህን መስመር የሚያቋርጥ ድግምት አለ። አስማት አምካኝ ክልል እንበለው። ደጋሚውን ከብቦ በየአቅጣጫው ሦስት ሜትር ይሸፍናል፤ እሱ ሲራመድም አብሮት ይራመዳል። በአስማት የተሰወረ ሰው እዚያ ውስጥ ሲገባ ይታያል፤ በድግምት የሚበር ይወድቃል፤ አስማታዊው ሰይፍ ስለቱ ባይጠፋም ተራ ብረት ይሆናል። ክልሉ ሲያልፍ ጊዜያቸው ያላለቀው ሁሉ ወደነበረበት ይመለሳል።

አሁን ሦስቱን ምድቦች ከቤቱ ዕቃዎች ጋር እናገናኛቸው። የመጀመሪያው «ድግምት መሰል» ነው፤ ሶኬት ላይ እንደተሰካው ምጣድ። መብራት ሲጠፋ ይቆማል፤ መብራት እያለም ሰው መጥቶ ሶኬቱን ሊነቅለው ይችላል። በጨዋታው ውስጥ ሶኬት ነቃዩ «ድግምት መፍቻ» የተባለው ድግምት ነው፤ ለአገራችን ሰው «መፍትሔ ሥራይ» ቢባል ቶሎ ይገባው ነበር። ሁለተኛው «ከተፈጥሮ በላይ» የሚባለው ነው፤ ሽቦው በግድግዳ ውስጥ እንዳለፈ የጣሪያ አምፖል። የሚነቀል ሶኬት ስለሌለው ድግምት መፍቻ አይነካውም፤ መብራት ሲጠፋ ግን አብሮ ይጠፋል። ሦስተኛው «ከተለመደው በላይ» ነው፤ የከሰል ምድጃው መሆኑ ነው። መስመሩ ተቆረጠ አልተቆረጠ ጉዳዩ አይደለም።

የሌባዋ ማምለጫ የተመደበው እዚህ ሦስተኛው ውስጥ ነው። ጥንካሬዋም ሆነ ቅልጥፍናዋ የራሷ ከሰል ነው፤ ከየትም አልተሳበም። የእትሙ ሕግም አፍ አውጥቶ ይናገረዋል፤ ከተለመደው በላይ የሆነ ችሎታ አስማት ባይሆንም የፊዚክስን ሕግ ሊጥስ እንደሚችል በግልጽ አስፍሯል። ብዙ አንባቢ ይህን ሐረግ ዘሎት ያልፋል። እኔ ግን በመጽሐፉ ውስጥ ካሉት ሁሉ ደፋሩ ይመስለኛል።

ሦስቱም በአንድ ሰው ላይ ሊገናኙ ይችላሉ። በ2003 ታርሞ በወጣው እትም ውስጥ ፓላዲን የተባለው ለእምነቱ የተሳለ ፈረሰኛ ክፋት በአቅራቢያው መኖሩን ያውቃል፤ ይህ ድግምት መሰል ነው። እጁን ጭኖ ቁስል ይፈውሳል፤ ይህ ከተፈጥሮ በላይ ነው። በሽታ አይዘውም፤ ይህ ደግሞ ከተለመደው በላይ ነው። ሰውየው አንድ፣ እምነቱ አንድ፣ ችሎታዎቹ የተንጠለጠሉበት ግን ሦስት ቦታ።

የምድቦቹን ጣዕም ለማየት ቢሆልደር የተባለውን አውሬ የሚያህል የለም። ቢሆልደር በአየር ላይ የሚንሳፈፍ ትልቅ ሉል ነው፤ ፊቱ ላይ አንድ ግዙፍ ዓይን አለው፤ አናቱ ላይ ደግሞ እንደ አገዳ በቆሙ ዘንጎች ጫፍ አሥር ትናንሽ ዓይኖች። ከትናንሾቹ እያንዳንዱ የተለየ ጨረር ይተኩሳል፤ አንዱ ያስተኛል፣ አንዱ ወደ ድንጋይ ይለውጣል፣ አንዱ ይገድላል። ትልቁ ዓይን ያየው አቅጣጫ ሁሉ ደግሞ አስማት የማይሠራበት ይሆናል። ስለዚህ ትልቁ ዓይን በሚያይበት በኩል የራሱ ጨረሮች እንኳ አይሠሩም፤ ጨረሮቹ «ከተፈጥሮ በላይ» ናቸውና። መንሳፈፉስ? መንሳፈፉ «ከተለመደው በላይ» ነው፤ አካሉ በተፈጥሮው ቀላል ስለሆነ አየር ላይ ይቆማል ይላል ሕጉ። ክንፍ የሌለው የሥጋ ድቡልቡል በአየር ላይ እየዋለለ አስማት አይደለም መባሉ ያስቃል። ግን ተቃራኒውን አስቡት። መንሳፈፉ አስማት ቢሆን ኖሮ ሁለት ቢሆልደሮች ፊት ለፊት በተያዩ ቁጥር ሁለቱም መሬት ላይ ይዘረገፉ ነበር።

ጀማሪዎች አዘውትረው የሚስቱትን አንድ ነገር ልጨምር። መብራት ሲጠፋ ምጣዱ ይቆማል እንጂ ቀድሞ የተጋገረው እንጀራ ወደ ሊጥ አይመለስም። በድግምት የዳነ ቁስልም አምካኙ ክልል ውስጥ ሲገባ አይከፈትም፤ በድግምት ከሞት የተነሣ ሰውም መልሶ አይሞትም። ድግምቱ ሥራውን ጨርሶ ሄዷል። ክልሉ የሚያቆመው በመሥራት ላይ ያለውን ነው።

ያው ዘንዶ፣ ሁለት ፍርድ

ዘንዶ እሳት ሲተፋ አስማት ነው? በሦስተኛው እትም መልሱ አጭር ነው። እስትንፋሱ «ከተፈጥሮ በላይ» ተብሎ ተመድቧል፤ ስለዚህ አምካኙ ክልል ውስጥ የቆመን ሰው እሳቱ አያገኘውም።

በ2014 በወጣው አምስተኛው እትም ውስጥ ግን እነዚህ ምድቦች የሉም። ከችሎታው ስም አጠገብ ምልክት የለም፤ ሁሉም በተራ ዓረፍተ ነገር ይገለጻል። ለንባብ ደስ ይላል። ጥያቄው ግን ወዲያው ተመልሶ መጣ፤ የሕጉ ዋና አዘጋጅ ጄረሚ ክሮፎርድም በይፋዊው የጥያቄና መልስ ስብስብ ውስጥ መልስ ሰጡበት። እንደ መልሱ ከሆነ በጨዋታው ዓለም ሁለት ዓይነት አስማት አለ። አንደኛው የዓለሙ አሠራር አካል የሆነ፣ በብዙ ፍጡራን ሥጋና ደም ውስጥ ያለ ነው። ሁለተኛው ተሰብስቦ ለአንድ ዓላማ የዋለ ነው፤ ድግምትና አስማታዊ ዕቃ ከዚህ ይመደባሉ። አምካኙ ክልል የሚያቆመው ሁለተኛውን ብቻ ነው።

ለብዙዎች ይህ የጠበቃ ማምለጫ መስሎ ታይቷቸዋል። እኔ ግን ብልህ መልስ ነው እላለሁ። ልባችን የሚመታው በኤሌክትሪክ ምልክት ነው፤ ነርቫችንም የሚሠራው በዚያው ነው። መብራት ሲጠፋ ግን ልባችን አይቆምም። ኤሌክትሪክ ስለሆነ ብቻ ከመስመሩ ጋር አልተገናኘም። የዘንዶው እሳትም እንዲሁ ነው፤ ዘንዶ ራሱ ያለ አስማት ሊኖር የማይችል ፍጡር ነው፣ እሳቱ ግን እንደ ልብ ምቱ ከአካሉ ይወጣል።

ታዲያ አንድን ችሎታ ከየትኛው ወገን እንደምናደርገው በምን እናውቃለን? መልሱ የጥያቄ ሰንሰለት ነው። ነገሩ አስማታዊ ዕቃ ነው? ድግምት ነው፣ ወይስ በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሰ ድግምት ያስገኛል? የድግምት ጥቃት ነው? የሚሠራው ለድግምት ከተመደበው የቀኑ ኮታ ቆርሶ ነው? ጽሑፉ ራሱ አስማት ነው ይላል? ለአንዱ እንኳ «አዎ» ከተባለ አስማት ነው፤ መስመሩ ሲቋረጥ ይቆማል። ለዘንዶው እስትንፋስ የሁሉም መልስ «አይደለም» ነው። ስለዚህ በ2014ቱ ሕግ ክልሉ ውስጥ የቆመው ሰው እንዳለ ይቃጠላል።

ያው ዘንዶ፣ ያው እሳት፣ ያው ክልል፤ ፍርዱ ግን ተገለበጠ። ከሁለቱ አንዱ ስለ ዘንዶ የተሻለ ያውቃል ብሎ መከራከር ዋጋ የለውም። ዘንዶ የለም። ያለው ሕግ ነው፤ ሕጉም የሚወስነው እሳቱ በምን ላይ እንደተንጠለጠለ ነው።

በግሌ የሦስተኛውን እትም ምልክቶች እመርጣለሁ። ገጹን ያጨናንቃሉ፣ ጀማሪን ያስፈራሉ፤ ግን በውጊያ መሃል ማንም ሰው አንድ ቃል ፍለጋ ሦስት አንቀጽ እንዲያነብ አያስገድዱም። የ2024ቱ እትም የመሃሉን መንገድ ይዟል። አስማታዊ የሚባለው በድግምት፣ በአስማታዊ ዕቃ ወይም ሕጉ አስማታዊ ብሎ በሰየመው ነገር የተፈጠረ ውጤት እንደሆነ በመዝገበ ቃላቱ አስፍሯል። በዚያው እትም የፓላዲኑ ዝነኛ ምት፣ ጠላቱን በሰይፍ ሲመታ የሚጨምረው መለኮታዊ ብርሃን፣ ከችሎታነት ወጥቶ ድግምት ሆነ። ጉዳቱ ብዙም አልተለወጠም። የተለወጠው ሶኬት የተገጠመለት መሆኑ ነው፤ አሁን ሌላ አስማተኛ በመሃል ገብቶ ሊያከሽፈው ይችላል። ፓላዲን የሚጫወቱ ሰዎች ከተቆጡባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው፤ ቁጣቸውም ተገቢ ነበር።

«ተራ» የሚለካው በማን ዓለም ነው?

እስካሁን ያየነው ቀላሉን ነው። ጠረጴዛ ላይ ጠብ የሚያስነሣው ሌላ ነገር ነው፤ አስማት ያልሆነው ችሎታ እስከ የት ድረስ እንዲሄድ ይፈቀድለት?

በ2014ቱ ሕግ አንድ ባርባሪያን፣ ማለትም በቁጣው የሚዋጋ ኃይለኛ ሰው፣ ሃያኛ ደረጃ ላይ ሲደርስ ምንም የተለየ ጽናት ባይኖረው እንኳ በመደበኛው ስሌት 145 የሕይወት ነጥብ ይኖረዋል። መውደቅ በሦስት ሜትር አንድ ባለ ስድስት ጎን ዳይስ ጉዳት ያደርሳል፤ ጣሪያው ሃያ ዳይስ ነው። ሃያውም ስድስት ቢወጡ 120 ነው። እንግዲህ ይህ ሰው ከ60 ሜትር ገደል ቢወድቅም፣ ከደመና በላይ ቢወረወርም፣ ዳይሱ የቱንም ያህል ቢከፋበት 25 ነጥብ ተርፎት ልብሱን አራግፎ ይነሣል። ድግምት የለም፣ ዕቃ የለም። አምካኙ ክልል ውስጥ ቢወድቅም ውጤቱ ያው ነው።

በምዕራፍ አምስት የሕይወት ነጥብ ሥጋና ደም ብቻ እንዳልሆነ አይተናል። ጋይጋክስ በ1979ኙ የጨዋታ መሪዎች መጽሐፍ እንዳስረዱት ነጥቡ ውስጥ ዕድልም፣ ልምድም፣ የአማልክት ጥበቃም አለበት። ይህ ማብራሪያ ለሰይፍ ውጊያ ግሩም ነው፤ ምቱ ሳያገኘው አልፎ ድካም ብቻ ቀረበት ማለት ይቻላል። መሬት ግን ሳታገኝ አታልፍም። ስለዚህ ሁለት ምርጫ አለን። ወይ ሕጉ ጅል ነው እንላለን፣ ወይ የዚያ ዓለም ተራ ሰው የእኛ ዓለም ተራ ሰው አይደለም ብለን እንቀበላለን። እኔ ሁለተኛውን ነው የምለው። ሌባዋን ከእሳቱ ያወጣት የፊዚክስ ሕግ ሊጣስ ይችላል የሚለው ሐረግ ባርባሪያኑንም ከገደሉ ሥር ያነሣዋል።

ይህን ያልተቀበለ የጨዋታ መሪ ሳያውቀው አድልዎ ይሠራል። ተዋጊው «ገደሉን ልዝለለው» ሲል መሪው የሚያስበው በቴሌቪዥን ያየውን የርዝመት ዝላይ ተወዳዳሪ ነው፤ «አይቻልም» ይላል። አስማተኛው «ጊዜን ላቁም» ሲል ግን የሚያወዳድረው ሰው አያገኝም፤ ጊዜ ሲያቆም ያየው አስማተኛ የለማ! ስለዚህ ይፈቅዳል። ውጤቱ በደረጃ ቁጥሮች ላይ ፍንትው ብሎ ይታያል። በአምስተኛው እትም አስማተኛ አሥራ ሰባተኛ ደረጃ ላይ ጊዜን የሚያቆመውንና ምኞትን የሚፈጽመውን ድግምት መያዝ ይችላል፤ ተዋጊው ሃያኛው ጫፍ ላይ ሲደርስ የሚያገኘው በአንድ ጥቃት አራት ጊዜ መምታት ነው።

የቀደሙ ታሪኮች ግን ተራውን ሰው እንዲህ አልቆነጠጡትም። በጥንታዊው የእንግሊዝ ግጥም ውስጥ ቤዎልፍ በጭብጡ የሠላሳ ሰው ኃይል አለው፤ ግሬንደል የተባለውን ጭራቅ ያለ መሣሪያ ገጥሞ ክንዱን ገንጥሎ ይጥላል። ድግምት አልደገመም። በጨዋታችን ሚዛን ቤዎልፍ ንጹሕ «ከተለመደው በላይ» ነው፤ ኃይሉን የሚቆርጥበት ነገር የለም። ሶምሶንን ከአጠገቡ አቁሙት። እሱም የከተማ በር ነቅሎ ተሸክሞ ሄዷል፤ በአህያ መንጋጋ ሺህ ሰው ጥሏል። ጠጉሩ ሲላጭ ግን ኃይሉ ተለየው። ቅዱሱን ታሪክ ለዳይስ ጨዋታ ማዋሌ አይደለም፤ ግን ለዚህ ምዕራፍ ጥያቄ ከሱ የጠራ ምሳሌ አላገኘሁም። ሁለቱ ሰዎች የሚያደርጉት አንድ ዓይነት፣ የተንጠለጠሉበት ግን የተለያየ ነው።

አራተኛው እትም በ2008 ይህን አድልዎ ለማረም ሞክሮ ነበር። ለእያንዳንዱ ችሎታ የኃይል ምንጭ ሰየመ፤ የተዋጊው ምንጭ የጦር ጥበብ፣ የአስማተኛው ድግምት፣ የካህኑ አምላኩ ሆነ። ከዚያ ለሁሉም እኩል የሚያስደንቅ ነገር አደላቸው፤ አንዱ ሁልጊዜ የሚሠራ፣ አንዱ በውጊያ አንዴ፣ አንዱ በቀን አንዴ። ተቃውሞው ከባድ ነበር። «ዋርሎርድ» የተባለው የጦር አዛዥ በጩኸቱ ብቻ የወዳጆቹን የሕይወት ነጥብ ይመልሳል፤ ብዙዎች «ጩኸት ቁስል አይደፍንም» ብለው ሳቁ። የሕይወት ነጥብ ሥጋ ብቻ እንዳልሆነ ለተረዳ ይህ ተቃውሞ ውኃ አይቋጥርም። «ተዋጊው ይህን ምት በቀን አንዴ ብቻ የሚሰነዝረው ለምንድን ነው?» የሚለው ግን እውነተኛ ጥያቄ ነበር። አስማተኛው ድግምቱ ከአእምሮው ስለወጣ ነው፤ ተዋጊውስ ከምኑ ላይ ምን ወጣ? ምንጩ ተሰይሟል፤ ምንጩ እንዴት እንደሚያልቅ ግን አልተነገረም። እትሙ የወደቀው እዚህ ላይ ይመስለኛል እንጂ ተዋጊውን ከመጠን በላይ ድንቅ በማድረጉ አይደለም።

ሌሎች ጠረጴዛዎች

ከዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ውጭ ያሉ ጨዋታዎች ጥያቄውን በራሳቸው መንገድ ፈትተውታል። በ1978 የወጣው «ሩንኩዌስት» አስማትን ለሁሉም አከፋፈለ፤ ተራ ገበሬም የጦሩን ጫፍ የሚስል ትንሽ ድግምት ሊያውቅ ይችላል። በ1993 የወጣው «ኧርዝዶውን» ከዚያም አልፎ ሄደ። በዚያ ጨዋታ ጦረኛውም፣ ሌባውም፣ ቀስተኛውም የሙያቸውን ልዩ ችሎታ የሚያገኙት ከአስማት ነው፤ ጦረኛው ከሰው በላይ ሲዘል እንዴት እንደሆነ የሚጨነቅ ሰው የለም። ጥሩ መፍትሔ ነው፤ ዋጋ ግን አለው። ሁሉም ከአንድ መስመር ከተሳበ የከሰል ምድጃ የሚባል ነገር አይኖርም።

በ2019 የወጣው የ«ፓዝፋይንደር» ሁለተኛ እትም ወደ ተቃራኒው ሄደ። አስማታዊ የሆነውን ሁሉ በግልጽ ምልክት ይለያል፤ አስማታዊ ላልሆነው ግን ጣሪያውን ከፍ አድርጎ ሠራለት። በአክሮባት ሙያ የመጨረሻውን እርከን የደረሰና ለመውደቅ የሠለጠነ ሰው ከየትኛውም ከፍታ ቢወድቅ አይጎዳም። ምልክት የለበትም፤ አስማት አይደለም። ከሁሉም ይህኛው ልቤን ይነካዋል።

ከመጀመራችሁ በፊት

ጨዋታ ልትጀምሩ ከሆነ ከመሪያችሁ ጋር ይህን ጉዳይ አስቀድማችሁ ጨርሱት። ከገጸ ባሕርያችሁ ወረቀት ላይ ሁለትና ሦስት ዋና ችሎታዎችን ምረጡና ስለ እያንዳንዳቸው ጠይቁ፤ አስማት በማይሠራበት ቦታ ይሠራል ወይ? ሌላ ሰው ሊፈታው ይችላል ወይ? የሚያልቅ ከሆነ ሲያልቅ ያለቀው ምንድን ነው? መልሱን ከችሎታው ስም ጎን በእርሳስ ጻፉት። ጠቡ የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ ዘንዶው አፉን ከከፈተ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ሁሉም ተከራካሪ የራሱን ነፍስ ለማዳን ስለሚናገር ፍርድ ይዛባል።

መሪ ለሆናችሁት ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። ሃያኛ ደረጃ የደረሰ ተዋጊ «ገደሉን እዘለዋለሁ» ብሎ ሲነሣ፣ እናንተ የምታውቁት ሰው ይችል እንደሆነ አታስቡ። ዳይሱን ስጡትና ይጣል።